ከጂኑ በፊት ምን ተጽፏል? የዕፅዋት ሞቲፍ በነፃ ድረ ገጾች አፈላለግ

ባለፈው ቅዳሜ አንዲት የማስተርስ ተማሪ ቡራዩ ቤቴ ድረስ መጣች። ላፕቶፗን ከፍታ አንድ ሠንጠረዥ አሳየችኝ። የምታጠናው አንድ የማሽላ ጂን ነው። ከጂኑ በፊት ባለው፣ ፕሮሞተር በሚባለው የመቆጣጠሪያ ክፍል ላይ ከ70 በላይ ሞቲፍ (አጭር የዲኤንኤ ቃል) ተገኝቷል ይላል ሠንጠረዡ። "መምህር፣ ድርቅ የሚል አለ፣ ብርሃን የሚል አለ፣ ሆርሞን የሚል አለ። የቱን ልመን?" አለችኝ። ቡናው እስኪፈላ ቁጭ ብለን ከሀ ጀመርን። ያን ቀን የሠራነውን ነው እዚህ የምጽፍላችሁ። የምጠቅሳቸው ድረ ገጾች ለትምህርትና ለምርምር በነፃ የሚሠሩ ናቸው። ኮድ መጻፍ አያስፈልግም፤ ላፕቶፕና የስልክ ዳታ ይበቃል።

መጀመሪያ ግን ይህ ነገር ለምን እንደሚያስጨንቀኝ ልንገራችሁ። ከቡራዩ ወደ ሆለታ ስትወጡ መናገሻን አልፋችሁ ገብስ ታያላችሁ። በፈረንጆች 1930ዎቹ ከአገራችን ተሰብስቦ የሄደ የገብስ ዘር ውስጥ ፓውደሪ ሚልዲው የሚባለውን፣ ቅጠሉን ነጭ ዱቄት የሚያለብሰውን በሽታ የሚቋቋም ጠባይ ተገኘ። ኤምኤልኦ-11 ይሉታል። ከ1970ዎቹ መጨረሻ ወዲህ የአውሮፓ የፀደይ ገብስ ዝርያዎች ውስጥ በሰፊው ገብቷል። በ2004 የወጣ ጥናት ምስጢሩን ሲፈታው ጂኑ ራሱ ደህና ነው፤ ከፊቱ ግን የጂኑ የመቆጣጠሪያ ክፍልና የመጀመሪያው ቁራጭ ተደጋግመው ተደርድረዋል፣ በዚያም የተነሳ ጂኑ እንደወትሮው አይነበብም። አያችሁ? ነገሩ ያለው ከጂኑ በፊት ነው። ገበሬዎቻችን ያቆዩት ሀብት የተጻፈው እዚያ ነበር። እኛ ደግሞ ያንን ክፍል ማንበብ ካልቻልን በገዛ እህላችን እንግዳ ሆነን እንቀራለን።

ሞቲፍ ማለት አጭር የዲኤንኤ ቃል ነው፤ ብዙውን ጊዜ ከ5 እስከ 12 ፊደል። ትራንስክሪፕሽን ፋክተር የሚባል ፕሮቲን መጥቶ እዚያ ላይ ይቀመጥና ጂኑን ያበራዋል ወይም ያጠፋዋል። እዚህ ፊደላቱን በአማርኛ ነው የምጽፈው፣ ኤ፣ ሲ፣ ጂ፣ ቲ እያልኩ። ድረ ገጹ ላይ ግን በላቲን ነው የምታስገቡት። የተወሰኑትን በቃላችሁ ያዙ፤ ኋላ ያግዟችኋል። ኤ-ሲ-ጂ-ቲ-ጂ የኤቢአርኢ እምብርት ነው፤ አብሲሲክ አሲድ ከሚባለው የውሃ ጥም ሆርሞን ጋር የተያያዘ ነው። ጂ-ሲ-ሲ-ጂ-ኤ-ሲ ወይም ኤ-ሲ-ሲ-ጂ-ኤ-ሲ ዲአርኢ ነው፤ በድርቅና በብርድ ጊዜ ይታያል። ቲ-ቲ-ጂ-ኤ-ሲ ደብሊው-ቦክስ ነው፤ ወርኪ የሚባሉት ፕሮቲኖች የሚቀመጡበት፣ በሽታን በመከላከል የታወቀ።

ቅደም ተከተሉን በትክክል ማውጣት

አብዛኛው ስህተት የሚፈጠረው እዚህ ነው፤ ስለዚህ አትቸኩሉ። የዕፅዋት ጂኖም (ሙሉ ዲኤንኤ) ማኅደር ወደሆነው ኢንሰምብል ፕላንትስ ግቡ። ማሽላ፣ ገብስ፣ ስንዴ፣ ጤፍ፣ ሩዝ ሁሉም አሉ። ፊቶዞምም ጥሩ ነው፣ ምዝገባ ግን ይጠይቃል። ኢንሰምብል ላይ ባዮማርት የሚለውን ክፈቱ፤ የጂኖቻችሁን መለያ ቁጥር ፔስት አድርጉ፣ ከዚያ ሲኩዌንስስ የሚለው ውስጥ ገብታችሁ ፍላንክ ጂን የሚለውን ምረጡና አፕስትሪም ፍላንክ ላይ 1500 ጻፉ። 1000 የሚወስድም አለ፣ 2000 የሚወስድም አለ። ዋናው ለሁሉም ጂን አንድ ዓይነት መሆኑ ነው።

እዚያው አጠገብ ፍላንክ ኮዲንግ ሪጅን የሚል ሌላ ምርጫ አለ። ሁለቱ አንድ አይደሉም። የመጀመሪያው የሚቆጥረው የጂኑ ንባብ ከሚጀምርበት ቦታ ወደ ኋላ ነው። ሁለተኛው የሚቆጥረው ፕሮቲኑ ከሚጀምርበት ኤ-ቲ-ጂ ወደ ኋላ ነው። በመካከላቸው አንዳንዴ 50 ፊደል፣ አንዳንዴ ከሺህ በላይ ልዩነት አለ። የቱን እንደወሰዳችሁ ጻፉት፤ ስትጨርሱ አታስታውሱትም።

ሁለተኛው ወጥመድ አቅጣጫ ነው። ዲኤንኤ ሁለት ገመድ ነው፤ ከጂኖቹ ግማሽ ያህሉ በተቃራኒው ገመድ ላይ ነው የተጻፉት። በተቃራኒው ገመድ ላይ ላለ ጂን "በፊት" ማለት በክሮሞሶሙ ቁጥር ከፍ ወዳለው በኩል ነው። ባዮማርት ይህን ራሱ ያስተካክልላችኋል። ከጂኖም ብራውዘር ላይ በእጅ ኮፒ ካደረጋችሁ ግን ኃላፊነቱ የእናንተ ነው። የተማሪዬ ችግር ይኸው ነበር። ጂኗ ተቃራኒው ገመድ ላይ ነው፤ እሷ ግን ከግራ በኩል 1500 ፊደል ቆርጣ ወስዳለች። ያ ደግሞ ከጂኑ ጅራት ወዲያ ያለው ነው። ሠንጠረዡ ላይ የነበሩት ሁሉ ከጂኑ በኋላ ካለ ቦታ የመጡ ናቸው። ስነግራት ዝም ብላ ስክሪኑን አየች፣ ከዚያ "ሦስት ወር" አለች በቀስታ። በጣም አዘንኩ። ድረ ገጹ አላስጠነቀቃትም፤ ሊያስጠነቅቃትም አይችልም፤ የሰጠኸውን ፊደል ነው የሚያነበው።

ያወጣችሁትን ፋስታ በሚባለው አቀማመጥ አስቀምጡ፤ በ > ምልክት የሚጀምር የስም መስመር፣ ከሥሩ ፊደላቱ። በኖትፓድ እንጂ በዎርድ አታስቀምጡት። ዎርድ የማይታይ ነገር ያስገባና ድረ ገጹ "ስህተት" እያለ ያደክማችኋል። ደግሞ በዓይናችሁ ቃኙት። ኤን የሚል ፊደል ተደርድሮ ካያችሁ ያ ቦታ አልተነበበም ማለት ነው። ጤፍ ላይ የምትሠሩ በተለይ ይህን እዩ፤ በ2014 የወጣው የጸደይ ዝርያ ጂኖም ረቂቅ ስለሆነ የተቆራረጠ ነው፣ በ2020 የወጣው የዳቢ ዝርያ ግን እስከ ክሮሞሶም ደረጃ የተገጣጠመ ነው። የትኛውን እንደከፈታችሁ አረጋግጡ። ሌላው፣ ጎረቤት ጂን ከ1500 ፊደል ቀርቦ ካለ የእናንተ "ፕሮሞተር" የጎረቤት ሥጋ ይሆናል። አርሳት ፕላንትስ የሚባለው ድረ ገጽ ላይ ሪትሪቭ ሲኩዌንስ የሚል መሣሪያ አለ፤ ጎረቤት ጂን ሲደርስ ቁረጥልኝ ማለት ይቻላል። ጂኖቻቸው የተጠጋጉ ዕፅዋት ላይ እሱን እመርጣለሁ።

በታወቀ ጂን ሞክሩ

ሚዛን ከመመዘኑ በፊት ይፈተሻል አይደል? እዚህም እንደዚያው። አራቢዶፕሲስ የምትባለው የላብራቶሪ ተክል ውስጥ አርዲ29ኤ የሚባል ጂን አለ፤ መለያ ቁጥሩ ኤቲ5ጂ52310 ነው። ዲአርኢ የተባለው ሞቲፍ በ1994 የተገለጸው በዚህ ጂን ነው፤ ቃሉ ቲ-ኤ-ሲ-ሲ-ጂ-ኤ-ሲ-ኤ-ቲ ነው። የዚህን ጂን ፕሮሞተር በተማራችሁት መንገድ አውጡና በኖትፓድ ይህን ቃል ፈልጉት። ካልመጣ አትደንግጡ፤ ተቃራኒው ገመድ ላይ ሲነበብ ኤ-ቲ-ጂ-ቲ-ሲ-ጂ-ጂ-ቲ-ኤ ስለሚሆን እሱንም ፈልጉ። የፊደላቱን ቅደም ተከተል ገልብጡ፣ ከዚያ ኤ የሚለውን በቲ፣ ቲ የሚለውን በኤ፣ ሲ የሚለውን በጂ፣ ጂ የሚለውን በሲ ለውጡ፤ እኩያው ያ ነው። ቃሉ በሁለት መስመር መካከል ተቆርጦ ካልሆነ በቀር፣ ሁለቱም ከጠፉ አወጣጣችሁ ተሳስቷል። ተማሪዬ ይህን ስትሞክር ቃሉ ስክሪኑ ላይ በቢጫ ሲበራ ፊቷም አብሮ በራ። እኔም የማልረሳው ቅጽበት ነው።

አሁን ፕላንትኬር

ብዙ ሰው የሚጀምረው በዚህ ነው። ቤልጅየም፣ ጌንት ዩኒቨርሲቲ ያለ የዕፅዋት መቆጣጠሪያ ቃላት ማኅደር ነው። ሰርች ፎር ኬር የሚለውን ከፍታችሁ ፋስታውን ታስገባላችሁ፣ ኢሜይላችሁን ትጽፋላችሁ፣ ውጤቱ በኢሜይል ይመጣል። ካልመጣ ስፓም ፎልደር እዩ። ሠንጠረዡ ላይ የሞቲፉ ስም፣ የተገኘበት ተክል፣ ቦታው፣ ገመዱና ሥራው ይሰፍራል። ፕሌስ የሚባለው የጃፓኑ ማኅደርም አለ፤ 469 ቃላት ይዟል፣ ግን ከ2007 ወዲህ አዲስ አልተጨመረበትም። ለማመሳከሪያ እንጂ ለብቻው አትደገፉበት። የታይዋኑ ፕላንትፓን ደግሞ ከእነዚህ አዲስ ነው፤ ፕሮቲኑ በእርግጥ ዲኤንኤው ላይ ተቀምጦ የተገኘበትን የሙከራ መረጃም ያካትታል።

ሠንጠረዡ ከመጣ በኋላ ነው ፈተናው። አንድ ሒሳብ አብረን እንሥራ። አራት ፊደል ብቻ ነው ያለው። አምስት ፊደል ያለው ቃል በአጋጣሚ የሚመጣው ከ1024 ቦታ በአንዱ ነው፤ 4 በ4 አምስት ጊዜ ሲባዛ። ፕሮሞተራችሁ 1500 ፊደል ነው፣ በሁለቱም ገመድ ሲነበብ 3000 ቦታ። ስለዚህ ኤ-ሲ-ጂ-ቲ-ጂ ያለ ምንም ምክንያት ሦስት ጊዜ ያህል ሊወጣ ይችላል! ኤ እና ቲ በዝተው ሁለት ሦስተኛውን ከያዙ ደግሞ ወደ 1.5 ይወርዳል። በዚያው ፕሮሞተር ላይ ሲ-ኤ-ኤ-ቲ የሚለው ባለ አራት ፊደል ቃል 18 ጊዜ ያህል በአጋጣሚ ይወጣል። ፕላንትኬር ሠንጠረዥ ላይ "ሲኤኤቲ-ቦክስ" በመስመር በመስመር ተደርድሮ የምታዩት ለዚህ ነው። "ሁለት ኤቢአርኢ አገኘሁ፣ ስለዚህ ጂኑ ለድርቅ ምላሽ ይሰጣል" የሚል ዓረፍተ ነገር እንግዲህ ምን ያህል ባዶ እንደሆነ አስቡት። ሁለት ከተባለ የተጠበቀው ነው የመጣው።

ሌላም አለ። ጂ-ቦክስ የሚባለው ሲ-ኤ-ሲ-ጂ-ቲ-ጂ ነው። ውስጡን እዩት፤ ኤ-ሲ-ጂ-ቲ-ጂ አለበት። አንዱ ቦታ ሠንጠረዡ ላይ አንዴ "ብርሃን"፣ አንዴ "አብሲሲክ አሲድ" ተብሎ ሁለቴ ይቆጠራል። ላፕቶፑ ላይ ቁጥሮቹን በቦታ ቅደም ተከተል ስንደረድራቸው ተማሪዬ ዘጠኝ ብላ የቆጠረችው ወደ አምስት ወረደ። ስለዚህ ሠንጠረዡን ኤክሴል ላይ አድርጉት፣ በቦታ ደርድሩት፣ የተደራረበውን አንድ ብላችሁ ቁጠሩ። "ብርሃን" የሚለው ክፍል ደግሞ ሁሌም ትልቁ ነው የሚሆነው፤ ማኅደሩ ውስጥ የብርሃን ቃላት ስለበዙ ነው። ክብ ሥዕል ሠርታችሁ "ጂኖቻችን በዋናነት በብርሃን ይመራሉ" አትበሉ፣ እባካችሁ።

ማነጻጸሪያ ያዙ

በኔ እምነት ከዚህ መመሪያ ውስጥ አንድ ነገር ብቻ ትወስዳላችሁ ብባል ይህን ውሰዱ እላለሁ። በድርቅ ጊዜ የሚነሱ 30 ጂኖች ካሏችሁ፣ በድርቅ ጊዜ ንቅንቅ የማይሉ 200 ወይም 300 ጂኖች ከዚያው ተክል ውሰዱ። ፕሮሞተራቸውን በዚያው መንገድ፣ በዚያው ርዝመት አውጡ። ያ ማነጻጸሪያችሁ ነው። ሞቲፉ እዚህ ከእዚያ ይበልጣል ወይ ነው ጥያቄው።

ይህን የሚሠራው ሚም ስዊት የሚባለው ድረ ገጽ ነው። በአንድ ጣሪያ ሥር ብዙ መሣሪያ አለው። አዲስ ቃል ፈልግልኝ ለማለት ጂኖቻችሁ ከ50 በታች ከሆኑ ሚምን፣ ከዚያ በላይ ከሆኑ ስትሪምን ክፈቱ። ሚም ላይ ፕሮሞተሮቹን አስገቡ፤ ዜሮ ኦር ዋን ኦከረንስ ፐር ሲኩዌንስ የሚለውን ምረጡ፣ ምክንያቱም ሁሉም ጂን ቃሉን ይይዛል ብላችሁ መማል አትችሉም። ርዝመቱ እንዳለ ከተተወ ከ6 እስከ 50 ይፈልጋል፤ 15 ላይ አቁሙት፣ አለበለዚያ ተደጋጋሚ ቆሻሻ ዲኤንኤ ነው የሚያመጣላችሁ። ዲስክሪሚነቲቭ የሚለውን መንገድ ብትመርጡ ማነጻጸሪያችሁንም ያስገባላችኋል። ስትሪም ደግሞ ማነጻጸሪያ ካልሰጣችሁት የራሳችሁን ፊደላት በውዞ ይጠቀማል፤ የራሳችሁን ብትሰጡት ግን ይሻላል።

ውጤቱ ፊደል በፊደል ቆሞ ይመጣል፤ ረጅሙ ፊደል የማይቀያየረው ነው። ኢ-ቫልዩ የሚለውን እዩ፤ እንዲህ ያለ ቃል በአጋጣሚ ስንት ጊዜ ሊመጣ እንደሚችል የሚገምት ቁጥር ነው። ከ0.05 በላይ ከሆነ ተዉት፣ ምንም ቢያምር። ኤ-ኤ-ኤ-ኤ-ኤ ወይም ቲ-ኤ-ቲ-ኤ-ቲ-ኤ ብቻ የሆነ ቃል አንደኛ ሆኖ ከወጣ ደስ አይበላችሁ፤ የዕፅዋት ፕሮሞተር ላይ ይህ የተለመደ ነው።

ጥሩ ቃል ካገኛችሁ ከሥሩ ቶምቶም የሚል ቁልፍ አለ። ቶምቶም "ይሄ ቃል የማን ነው?" ብሎ የታወቁ ቃላት ውስጥ ይፈልጋል። ማኅደር ሲጠይቃችሁ የጃስፓርን የዕፅዋት ክፍል ወይም በ2016 የወጣውን የአራቢዶፕሲስ ዳፕ ስብስብ ምረጡ፤ ያ ስብስብ የ529 ትራንስክሪፕሽን ፋክተሮች ማረፊያ የተለየበት ነው። የእንስሳ ማኅደር መርጣችሁ የአይጥ ፕሮቲን ስም ማሽላ ላይ እንዳትጽፉ። ደግሞ ቶምቶም ቤተሰቡን እንጂ ግለሰቡን በእርግጠኝነት አይነግራችሁም፤ የአንድ ቤተሰብ ፕሮቲኖች ቃላቸው አንድ ዓይነት ነው። "ወርኪ40 ነው" ከማለት "የወርኪ ቤተሰብ ቃል ነው" ማለት እውነቱን ይገልጻል።

የምታውቁትን ቃል ብቻ ልትቆጥሩ ከሆነ ሁለት መሣሪያ አለ። ኤስኢኤ የሚባለው የእናንተን 30 ከማነጻጸሪያው ጋር ያወዳድርና የቱ ቃል በእናንተ ዘንድ እንደበዛ ይናገራል። ፊሞ ደግሞ እያንዳንዱ ቃል የት ቦታ እንዳለ ይጠቁማል። ፊሞ እንዳለ ከተተወ የፒ-ቫልዩው (በአንድ ቦታ ላይ በአጋጣሚ የመምጣት ዕድል) ወሰን 0.0001 ነው። ጥብቅ ይመስላል። ግን 3000 ቦታ ሲባዛ በአንድ ፕሮሞተር 0.3፣ በ30 ፕሮሞተር 9 ያህል በአጋጣሚ ይመጣል ማለት ነው። ስለዚህ ኪው-ቫልዩ የሚለውን፣ ብዙ ቦታ መፈተሹን አስቦ የተስተካከለውን አምድ ነው የምታዩት። መጀመሪያ ኤስኢኤ፣ ከዚያ ፊሞ፤ እኔ ሁሌ በዚህ ቅደም ተከተል ነው የምሄደው።

መብራት ከሄደስ? ችግር የለውም። ሥራው የሚሠራው እነሱ ሰርቨር ላይ ነው፤ ላፕቶፑ ቢጠፋም አይቆምም። ብቻ ስትልኩ የሚሰጣችሁን አድራሻ ወዲያው ኮፒ አድርጉና ስልካችሁ ላይ ለራሳችሁ ላኩ። ውጤቱ እዚያ ለጥቂት ቀን ብቻ ነው የሚቆየው፤ ስለዚህ ዳታው ሲኖራችሁ ሙሉውን ዳውንሎድ አድርጉ።

ዘመድ ጠይቁ

የቀሩትን ለማጣራት የተክሉን ዘመዶች ጠይቁ። የማሽላ ጂን ከሆነ ተዛማጁን ጂን በበቆሎና በሩዝ ፈልጉ፤ ኢንሰምብል ላይ ኦርቶሎግስ የሚለው ይሰጣችኋል። ቃሉ በሦስቱም ፕሮሞተር፣ በተቀራራቢ ርቀት ላይ ካለ ያ ቃል ዘመን የተሻገረው ስለሚያስፈልግ ሊሆን ይችላል። ጤፍ ላይ ያላችሁ ደግሞ ዕድለኞች ናችሁ። ጤፍ 40 ክሮሞሶም ያለው፣ ከሁለት ወላጅ ጂኖም የመጣ ተክል ነው፤ አብዛኛው ጂን መንትያ አለው። ሁለቱን መንትያ ፕሮሞተሮች ጎን ለጎን አስቀምጡና አንዱ የሚነሳ ሌላው የማይነሳ ከሆነ የትኛው ቃል ከአንዱ እንደጠፋ እዩ። ከዚህ የተሻለ የተፈጥሮ ሙከራ የት ይገኛል?

አንድ ነገር ደግሞ አትርሱ። ማኅደሩ ውስጥ ያለው ማሽላ ቢቲኤክስ623 የሚባል ዝርያ ነው። እናንተ የዘራችሁት የወሎ ወይም የሐረርጌ ማሽላ ሊሆን ይችላል። የኮምፒዩተሩ ፕሮሞተር የእናንተ ተክል ፕሮሞተር አይደለም። ተመራማሪዎች ድርቅ መቋቋምን ለማጥናት አብዝተው የሚጠቀሙበት ቢ35 የተባለው ማሽላ እንኳ ሥሩ የኢትዮጵያ ነው። ስለዚህ የቀረላችሁን ቦታ በፒሲአር አብዝታችሁ ከራሳችሁ ተክል አስነብቡት። አንድ ፊደል ብትለወጥ ቃሉ ሊጠፋ ይችላል።

ስትጽፉ የድረ ገጹን ስም፣ የከፈታችሁበትን ቀን፣ የጂኖሙን ዕትም፣ ርዝመቱንና ከየት እንደቆጠራችሁ፣ ማነጻጸሪያችሁ ስንት ጂን እንደነበር፣ የቆረጣችሁበትን ኪው-ቫልዩ አስፍሩ። ሌላ ሰው ሆለታ ወይም ጅማ ተቀምጦ ያንኑ ማግኘት አለበት። ቃሉን ማግኘታችሁ ደግሞ ፕሮቲኑ እዚያ ይቀመጣል ማለት አይደለም፤ "ሊሆን ይችላል" ብላችሁ ጻፉ፣ ከዚያ ቃሉን አበላሽታችሁ ጂኑ ምላሽ መስጠቱን ማቆም አለማቆሙን በሪፖርተር ጂን (ሲበራ በቀላሉ በሚታይ ወይም በሚለካ ጂን) ፈትኑ።

ተማሪዬ ትክክለኛውን 1500 ፊደል አውጥታ፣ የተደራረበውን ቀንሳ፣ ከማነጻጸሪያው ጋር ለክታ፣ ሩዝና በቆሎ ላይ አይታ ስትጨርስ ሁለት ቦታ ቀራት፤ አንድ ዲአርኢ እና ከሱ 60 ፊደል ራቅ ብሎ አንድ ኤቢአርኢ። ሁለቱ ተጠጋግተው መገኘታቸው ደግሞ አርዲ29ኤን ያስታውሳል፤ እዚያም ከዲአርኢ ጋር ኤቢአርኢ አለ። ሰኞ ጠዋት ደወለችልኝ፤ ለሁለቱ ቦታ ፕራይመር (ለፒሲአር የሚያስፈልገውን አጭር የዲኤንኤ ቁራጭ) ዲዛይን እያደረገች ነበር።